አንድ ፊደል ሳይጽፍ

«እሷም ትመጣ ይሆን?» አለች የሟቹ እህት፣ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

«ማን?»

«ያቺ ዓይነ ስውሯ ናታ! በየወሩ እየሄደ ደጇ ላይ የሚገተርላት። አገር ምድሩ ያወቀውን እኛ ብቻ ነን ያላወቅነው።»

«ዝም በይ እንጂ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። ልብስ ሰፊዋ ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ከማጀቱ በር ማዶ ደርሳ ነበር። ሳትጠጣ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ባሏ የተቀበረው ትናንት ነው።

ለቅሶኛው የተቀመጠበት ክፍል ድሮም ሳሎን አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፋችበት ክፍል ነው። ለሰው ቦታ እንዲሆን የስፌት መኪናዋን ጥግ አስይዘው አንሶላ አልብሰዋታል። ጭንቅላት የሌለውን የልብስ ማሳያ ደግሞ መኝታ ቤት አስገብተውት፣ ካፖርታቸውን ሊያስቀምጡ የገቡ አንዲት አሮጊት «ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ጮኸው ወጡ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ሳቋ አመለጣት። ሳቁ አፏ ላይ እንዳለ ለቅሶ ሆነ።

ሟቹ ስም ነበረው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው ግን አልነበረም። ከተማው «ጋሽ ቆጣሪ» ነው የሚለው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በቀን ሰማንያ ቤት ያንኳኳል። «ውሃ!» ይላል፤ ይከፈትለታል፤ ግቢው ጥግ አጎንብሶ የብረት ክዳኑን ያነሳል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ይወጣል። ሰኞ ጠዋት ለዚሁ ሥራ ሊወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የግራ ጫማውን አስሮ ቀኙን ሳያስር ልቡ ቀጥ አለች። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶት ነበር።

ገጣሚም ነበር። ይህን ግን የሚያነሳ የለም። ግማሹ ረስቶታል፤ ግማሹ ማስታወሱ ቤተሰቡን የሚያሳፍር መስሎት ዝም ብሏል።

ያልረሳው አታሚው ነው። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ከዘመን ብዛት እንደ ዝንጅብል ተቆልምመዋል። ሻያቸውን እስኪቀዘቅዝ ይዘው ቆዩና ድንገት ተናገሩ።

«እኔ አርባ ዓመት ፊደል ለቅሜ ደርድሬያለሁ። የሠርግ ጥሪ፣ የመድኃኒት ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት። እጄ ይለቅማል፤ ልቤ ሌላ ቦታ ይዞራል። የእሱን መጽሐፍ ስደረድር ግን እጄ ቆመብኝ። ስልሳ ገጽ ነች። ሦስት ቀን የሚበቃትን ሁለት ሳምንት ፈጀሁባት። እያነበብኩ፣ እየወጣሁ ሰማዩን እያየሁ፣ እየተመለስኩ።»

አንዱ ሳል አለ። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች።

ያቺን መጽሐፍ እንዴት ትርሳት? ከታተመች ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከዋናው ከተማ መጽሔት ግጥሞቹ ሦስት ጊዜ ተመልሰውለት ነበር፤ «ቃላቱ የሠፈር ናቸው፤ ቤትም አይመቱም» የሚል ወረቀት ተያይዞ። እውነት ነው፣ የሠፈር ነበሩ። በር ላይ የሰማውን ነው የሚጽፈው፦ የልብስ አጣቢዋን ብሶት፣ የበረኛውን ስድብ፣ ሕፃን ልጅ ስለ ቧንቧው የሚጠይቀውን። እሱ ግን አልተቀየመም። አታሚውን ለምኖ በከተማው አሳተማትና በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሊያነብ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ለዚያ ቀን አዲስ ኮት ሰፍታለት ነበር። እንዲህ ሲል ጀመረ፦

በሩን ከፍታ «ማነው?» አለችኝ።
ውሃ ነኝ አልኳት።
ግቢዋ ጥግ አጎነበስኩ፤
ከመሬት በታች የሚሮጠው
ቁጥሩን ብቻ አሳየኝ፤
መንገዱን ደበቀኝ።

ከዚያ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ፣ ከተማው የሚያከብረው ሰው፣ ከፊት ወንበር ተነሳ። «ወንድሜ፣ ይሄ ግጥም ነው ወይስ የቆጣሪ ንባብ? ቤቱ የታለ?»

«ቤትማ በቀን ሰማንያ አንኳኳለሁ» አለ ባሏ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። በሳምንቱ የሰባት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ዓይኗ አብጦ መጣች፦ «‹የአባትሽ ግጥም ቤት የለውም፣ እናንተም ቤት የላችሁም› ይሉኛል።» ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቿን ከአፏ አውጥታ፣ አንድ በአንድ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰክታ ስትጨርስ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«በቃህ። ተወው። ሰው መሳቂያ አደረገን። ልጅ አለችን። ከእንግዲህ አልጽፍም በለኝ።»

«እሺ» አለ።

አልተከራከረም፤ አልተኮራረፈም። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ እስክርቢቶ ሲይዝ አላየችውም። መጀመሪያ ደስ አላት። በዓመቱ ይጸጽታት ጀመር። «ጻፍ በቃ» ልትለው ስንት ጊዜ አፏ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። እሱ ግን እንደ ወትሮው ይስቃል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አንዳንዴ ብቻ ጫማውን ሊያወልቅ ተቀምጦ ክሩን እንደያዘ ይቀራል። «ምን ሆንክ?» ስትለው «ምንም፣ አንድ ነገር እየቆጠርኩ» ይላታል።

‹ገደልኩት› እያለች ኖረች። አሁን ደግሞ ሞተ።

*

በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ሴት ጥቁር መነጽር ያደረጉ ቀጭን አሮጊት በክንዳቸው ይዛ ገባች። የሟቹ እህት የያዘችውን ሰሃን እንደያዘች ተተክላ ቀረች።

«ባለቤቱ የታለች?» አሉ አሮጊቷ።

«እዚህ ነኝ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ሠላሳ አራት፣ ሃያ ሁለት» አሉ። «አወቅሁሽ። በየሐሙሱ ጨርቅ መሸጫው ጋ ትደውይ ነበር። ‹ገበር ገብቷል?› ትያለሽ። አልገባም ሲሉሽ ‹ይሁን› ብለሽ ትዘጊያለሽ፤ አንድም ቀን ጮኸሽ አታውቂም።»

ያኔ ሁሉም አወቃቸው። እትዬ ማዞሪያ ናቸው። የከተማው ስልክ በሰው እጅ በሚገናኝበት ዘመን ማዞሪያ ቤቱ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ ናቸው። የከተማውን ቁጥር ሁሉ በቃላቸው ይዘው ነበር። ማን ለማን እንደሚደውል፣ ማን መደወል እንዳቆመ ያውቃሉ፤ ለማንም አይናገሩም። አውቶማቲኩ ሲመጣ ጡረታ ወጡና ተረሱ።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ደርቆ ነበር።

«ሳልቀመጥ ልንገርሽ፤ ከተቀመጥኩ ያደክመኛል። ባልሽ እኔ ጋ ያስቀመጠው ነገር አለ። ላስረክብሽ ነው የመጣሁት።»

የሟቹ እህት ዓይኗን ወደ ጎረቤቷ ወረወረች። ‹አላልኩሽም?› የሚል ዓይን ነው።

«ምን ያህል ነገር ነው?» አለች የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የሂሳብ አስተማሪ ናትና ሌላ የሚጠየቅ አልመጣላትም።

«ሁለት መቶ አርባ ሦስት።»

«ሁለት መቶ አርባ ሦስት ምን?»

«ግጥም።»

አታሚው ከወንበራቸው ተነሱ። ማንም አላገዛቸውም።

«አይሆንም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሱ ከጻፈ ሃያ አንድ ዓመት አልፎታል። እኔው ነኝ ያስተውኩት። እዚህ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እርስዎ ይሳሳታሉ።»

«አልጻፈም፣ ልጄ። ማን ጻፈ አለሽ?» እትዬ ማዞሪያ እጃቸውን በአየር ላይ ዘርግተው የወንበሩን መደገፊያ አገኙና ያዙት። «መጀመሪያ የመጣ ቀን ቁጥሬን አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ። ያለፈውን ወር፣ ያለፈ ያለፈውን፣ የዓመቱን በሙሉ በቃሌ ቆጠርኩለት። ደብተሩን አገላብጦ አየና ‹አንዱንም አልሳቱም› አለኝ። ሳቀ። ከዚያ ‹እትዬ፣ እኔ ለሚስቴ አልጽፍም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አንድ ፊደል አልጽፍም። ግን ቃሉ መምጣቱን አላቆመም፤ ምን ላድርገው?› አለኝ። ‹እኔ ጋ ይምጣ› አልኩት።»

እትዬ ማዞሪያ መደገፊያውን እንደያዙ ቀጠሉ።

«በወሩ መጣና አንዷን ነገረኝ። በሚቀጥለው ወር መልሼ ነገርኩት። ‹መሃል ላይ ያሳልከውንስ ልጨምር?› ስለው ግድግዳውን ተደግፎ እስኪበቃው ሳቀ። እንዲህ ሆነን ቀጠልን። እግሩ ተሰብሮ የተኛበትን ዘጠኝ ወር ብቻ ቀንሺ። አንዷን ሲያስተካክል የድሮዋን ትቼ አዲሷን እይዛለሁ። በወረቀት ላይ የለም። የትም የለም። እዚህ ነው ያለው።» በአንድ ጣት ግንባራቸውን ነኩ።

ይዛቸው የመጣችው ወጣት፣ የወንድማቸው ልጅ ናት፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ በለሆሳስ ተናገረች። «ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ብቻቸውን እንዳይቆዩ ብሏል። ቅዳሜ ጠዋት ወደኔ ከተማ ልወስዳቸው ነው። እውነቱን ልንገርዎትና መንገዱንም ፈርቼዋለሁ።»

ዛሬ ረቡዕ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ጥግ ወዳለችው የስፌት መኪና ሄዳ አንሶላውን ገፈፈችው። ልክ የምታወጣበትን የቡናማ ወረቀት ጥቅል አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መቀሷን አንስታ ወረቀቱን በገጽ በገጽ ትቆርጠው ጀመር።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች የባሏ እህት።

«ልጽፍ።»

«በለቅሶ ቤት? ሰው እየገባ እየወጣ? ኧረ ሰው ምን ይላል!»

«የፈለገውን ይበል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መቀሱን ሳታቆም። «ሰው ምን ይላል ብዬ የሠራሁት ይበቃኛል።»

*

ጻፉ። እናትና ልጅ እየተቀባበሉ ጻፉ። እትዬ ማዞሪያ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ይናገራሉ፤ ድምፃቸው የማዞሪያ ቤት ድምፅ ነው፣ አይቸኩልም፣ አይዘፍንም፣ አንዱን ቃል ከአንዱ ይለያል። መስመር ሲያልቅ «ውረጂ» ይላሉ። ግጥሙ ሲያልቅ «ዝጊ» ይላሉ። እንግዳ ይገባል፤ ያጽናሽ ይላል፤ ይቀመጣል፤ ሊያወራ አፉን ይከፍትና ይሰማል። ከዚያ አይነሳም። ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉ ሞልቶ ሰው በኮሪደሩ ቆሟል። ከውሃ መሥሪያ ቤቱ የመጡ ባልደረቦቹ ቆባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተደርድረዋል። አለቃቸው «ይሄን ሁሉ እኛ ጋ ምሳ እየበላ ነው ያሰበው?» አለ ለራሱ። «እኛ እኮ ‹ምነው ዝም አልክ› እያልን ስንቀልድበት ነው የኖርነው።»

ግጥሞቹ ውስጥ ከተማው ነበር። በር በበር፣ ጓሮ በጓሮ። ልጇን የቀበረች ሴት በሩን ከፍታ ቆጣሪው የት እንዳለ የረሳችበት ጠዋት ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚዞር ቆጣሪ፣ የሆነ ቦታ የሚፈስ፣ ማንም ያልሰማው ውሃ ነበር። እዚያ የተቀመጠ ሰው አንዳንዱ ድንገት የራሱን በር ያውቀዋል። አንድ ሥጋ ሻጭ ተነስቶ «ይቺ የእኔ እናት ነች» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደ ክስ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አታሚው ከጥግ አልተንቀሳቀሱም። አንዴ ብቻ፣ ልጅቱ ገጽ ስትቀይር፣ «እኔ ትልቅ ይሆናል ብዬ ነበር» አሉ። «እንዲህ ይሆናል አላልኩም። ይሄን ለመደርደር እጅ ያለው ሰው ፈልጉ፤ የኔ እጅ አይበቃውም።»

መቶ ሰባተኛው ላይ ብዕሩን የያዘችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

«ሚስቴ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ታወራኛለች» አሉ እትዬ ማዞሪያ። «ውረጂ።»

ጻፈች።

«ግማሹ ቃል ይወጣል። ውረጂ። ግማሹ ስፒሉን ይጠብቃል። ውረጂ። ሃያ ዓመት። ውረጂ። ያልወጣውን ግማሽ ስሰማ ኖርኩ። ዝጊ።»

አልዘጋችም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀለሙ እየሰፋ ትንሽ ክብ ሠራ። ‹ጻፍ በቃ› ያላለችው ሁሉ፣ አፏ ድረስ መጥቶ የተመለሰው ሁሉ ታወሳት። ሰምቶት ኖሯል። ሰምቶት እያለ ቃሉን ጠበቀ። ጥፋቷን እንዳትሸከም ይሆን፣ ወይስ ቃል ቃል ስለሆነበት? ይህን የሚነግራት ሰው ጫማውን እያሰረ ሄዷል።

«እማዬ፣ ስጪኝ» አለች ልጇ ብዕሩን ልትቀበል።

«ተይኝ። እኔው እጽፋለሁ።»

የባሏ እህት ከማጀት ብቅ ብላ ይህን አየች። ትንሽ ቆይታ ሻይ ይዛ መጣችና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእትዬ ማዞሪያ በእጃቸው አስያዘቻቸው፤ ጣታቸው እስኪጠብቅ ብርጭቆውን አልለቀቀችም።

*

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ ሁለት መቶ አርባ ሦስተኛው ተዘጋ። የወንድማቸው ልጅ ሻንጣውን ልትጭን ወጣች። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተቆልለው ነበር፤ ልጅቱ በሁለት መዳፏ ጠርዛቸውን አስተካከለች። ቤቱ በዚያ ሰዓት ከሦስቱ ሴቶች በቀር ሰው አልነበረበትም።

«ቀለል አለኝ» አሉ እትዬ ማዞሪያ። «እንዳልረሳው ብዬ በየጠዋቱ ከአንድ ጀምሬ ስደግመው ነበር። ነገ ጠዋት ምን እንደምል እንጃ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን አጠገባቸው ሳበች። ሦስት ቀን ሙሉ ስታመላልሰው የነበረውን ነገር አወጣችው። «እትዬ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ያወራል።»

«ሰው ያወራል፤ ሥራዬ እሱን መስማት ነበር። ጠይቂኝ።»

«ይወድዎት ነበር?»

አሮጊቷ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «ሃያ አንድ ዓመት አንድም ቀን ገብቶ ተቀምጦ አያውቅም። ግባ ስለው ‹ሥራ ላይ ነኝ፣ እትዬ› ይላል። በሩ ላይ ቆሞ ይነግረኛል፤ ሲጨርስ ደህና ዋሉ ይላል። እጄን እንኳ ጨብጦ አያውቅም። ይወደኝ እንደሆን እንጃ። ያምነኝ ነበር። እኔ ግን ልንገርሽ፣ ቀኑን እጠብቀው ነበር። ይሄንን አልደብቅሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ እንደማያዩ ትዝ አላትና «እሺ» አለች። ቅናት ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እሷ አጠገቡ ተኝታ ያልሰማችውን ይህች ሴት በር ላይ ቆማ ተቀበለችለት፤ ይዛም አቆየችለት።

ውጭ መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

እትዬ ማዞሪያ ሊነሱ ሲሉ ቆም አሉ። «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ሳሉን አውቀዋለሁ፣ አንዱ ጫማው ሲራመድ እንደሚጮህ አውቃለሁ። መልኩን ግን የነገረኝ የለም። እሱንም ልጠይቀው አፈርኩ። ምን ይመስል ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የትከሻውን ስፋት፣ የክንዱን ርዝመት፣ የአንገቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ታውቃለች። ፊቱን ግን በምን ቃል ትንገራቸው? ቃል የእሱ ነበር። ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ ተወችው።

ከዚያ የአሮጊቷን ቀጭን እጅ አነሳች። ልጇን በዓይኗ ጠራቻት። ልጅቱ መጥታ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከችና ፊቷን ቀና አደረገች። ልብስ ሰፊዋ የአሮጊቷን እጅ በቀስታ ወስዳ የልጇ ግንባር ላይ አኖረችው።

«ይሄ የእሱ ነው» አለች። እጃቸውን ወደ ቅንድቧ፣ ከቅንድቧ ወደ አፍንጫዋ አወረደችው። «ይሄም። ይሄም የእሱ ነው።»

ጣቶቻቸው ጉንጯ ላይ ሲደርሱ እርጥብ አገኙ። እትዬ ማዞሪያ እጃቸውን አልመለሱም።